ከሃምሳ ብር እስከ ስድስት ሺህ፦ የደመወዝ ወለሉ የማን ነው?

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት አዲሱን የሲቪል ሰርቪስ የደመወዝ ስኬል ይፋ ሲያደርግ በብዙ ሰው አፍ የገቡት ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከ9,056 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። በዚያው ሰሞን የተማረው ከተሜ ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ሰማሁት፤ የግል ድርጅቶችም ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰንባቸው አለ፣ ወዲያውም መካከለኛው መደብ አልቆለታል ብሎ አዘነ። ሁለቱም ስሞታ እውነት አለው። ነገር ግን በአገራችን ወለል የሚባለው ነገር ለማን እንደተነጠፈ ሳይጠየቅ ክርክሩ ብዙ ርቀት ይሄዳል ብዬ አላምንም። ታሪኩን ሳገላብጥ የማገኘው መልስ ለደመወዝተኛው የሚል ነው። ከደመወዝተኛው በታች ያለው ሰው በየዘመኑ ከወለሉ ውጭ ቀርቷል።

ይህን ለማየት ከአዲስ አበባ ይልቅ አርሲ ይመቸኛል፤ ያደግሁት ሮቤ ነውና። (የባሌዋን ሮቤ ማለቴ አይደለም። በቀድሞው የጢቾ አውራጃ የነበረችውን የአርሲዋን ሮቤ ነው የምለው። የከተማችን ሰው ይህን ማብራሪያ ሳይጨምር የትውልድ ቦታውን ተናግሮ አያውቅም።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአብዮቱ ዋዜማ ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ከየካቲት 28 እስከ መጋቢት 2 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ፣ ለእንዳልካቸው መኰንን መንግሥት ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ የዝቅተኛ ደመወዝ ጉዳይ ነበር። ይሁን እንጂ ማኅበሩ የቆመበት የንጉሡ ዘመን አዋጅ አንድ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 50 ሠራተኞች ይጠይቅ ነበር። ለአዋሽ ሸለቆ ተክል፣ ለወንጂ ስኳር፣ ለምድር ባቡሩ ሃምሳ ሰው ምንም አይደለም። በሮቤ ግን ሃምሳ ሠራተኛ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሠራ ማን ነበር? ዱቄት ተሸካሚው፣ የቡና ቤት አስተናጋጇ፣ በአጨዳ ሰሞን ማጭዱን ይዞ ገበያ ዳር የሚቆመው የቀን ሠራተኛ በዚያ ጥያቄ ውስጥ ስማቸው አልነበረም።

በአርሲ ደጋ ያን ጊዜ የሚነደው እሳት ሌላ ነበር። ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር በ1960 ዓ.ም. አሰላ ላይ ያቋቋሙት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ ብለን የምናውቀው) በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ የስንዴን ምርት አሳደገው። ምርቱ ሲያድግ መሬቱ ተወደደ፤ መሬቱ ሲወደድ ባለርስቱ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን አስነሣው። ድርጅቱ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። የመሬት ሥሪቱ ሳይነካ የመጣው ጥቅም ግን መንገዱን ስቶ ወደ ባለርስቱ ፈሰሰ። የተነሣው ጭሰኛ ልጆች ወዴት እንደሄዱ ለመገመት አይከብድም፤ የአሰላና የናዝሬት የቀን ሥራ ገበያ ይቀበላቸው ነበር።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መጣ። ስለዚህ አዋጅ ብዙ ተጽፏል፤ ለዛሬው ጉዳያችን ግን የምትጠቅመን አንዲት ድንጋጌ ናት። አዋጁ አረጋውያንን፣ ሕመምተኞችንና እነርሱን ከመሰሉ አቅመ ደካሞች በስተቀር ማንም ባለይዞታ መሬቱን በቅጥር ሠራተኛ እንዳያሳርስ ከለከለ። አርሶ አደሩ ራሱ አራሽ ሆነ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። ካዱም በ1968 ዓ.ም. የአርሲ ገጠር ልማት ድርጅት ተብሎ ከጭላሎ አልፎ ወደ ሌሎቹ አውራጃዎች ተስፋፋ። የሕግ አውጪው ስሌት ግልጽ ይመስለኛል፤ የእርሻ ምንዳ የሚባል ነገር ከተከለከለ ዝቅተኛው ምንዳ ስንት ይሁን የሚል ጥያቄ አይነሣም። ይሁንና በወረቀት የተከለከለ ቅጥር በመኸር አይቀርም፤ እያደር በድብቅም በግልጽም ተመለሰ። ሲመለስ የሚያስተዳድረው ሕግ አላገኘም።

በከተማ የሆነው የተለየ ነው። ደርግ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለወረሳቸው ድርጅቶች ዝቅተኛውን ደመወዝ በወር 50 ብር ላይ አቆመው። የዩኒቨርሲቲ ምሩቁ ጀማሪ ደመወዝ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ 500 ብር ነበር፤ እዚያው ላይ ደርቆ ቀረ። አንባቢዬ ይህን ንጽጽር ልብ ይበልልኝ፤ ምሩቁ ከዘበኛው አሥር እጥፍ ያገኝ ነበር። በዛሬው ስኬል 11,500 ለ6,000 ነው፤ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። የመካከለኛው መደብ እሮሮ ምንጩ ይኸው ነው። ዋጋው መናሩ ብቻ አይደለም የሚያመው፤ ከታቹ ሰው ጋር የነበረው ርቀት መጥበቡም ያመዋል። በ1960ዎቹ በራሪ ወረቀቶች ንዑስ ከበርቴ እየተባለ የሚወቀሰው ሰው፣ በዛሬ ቋንቋ መካከለኛ ገቢ ያለው የሚባለው፣ ራሱን የሚለካው በዚህ ርቀት ነውና። እኔ መጥበቡን በክፉ አላየውም። የሚያስከፋው የጠበበው በአብዛኛው ላይኛው እየወረደ መሆኑ ነው።

ከደርግ በኋላ የመንግሥት ወለል ወደ 120፣ ቆይቶ ወደ 320፣ ከዚያም ወደ 420 ብር ከፍ ብሏል። ለግሉ ዘርፍ ግን በ1985ቱም ሆነ በ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የተቆረጠ ወለል አልነበረም። ውጤቱን ዓለም ያየው ሐዋሳ ላይ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ ማለትም በዓለም ዝቅተኛው መሆኑን ጻፉ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና ዝቅተኛ ደመወዝን በጥናት ላይ ተመሥርቶ በየጊዜው እንዲያሻሽል ደነገገ፤ ዝርዝሩን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተወው። በ2017 ዓ.ም. የሠራተኞች ቀን ሲከበር የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ያንኑ ጥያቄ እንደገና ያነሣ ነበር።

ቦርዱ ቢቋቋምስ? ያው አዋጅ በግል ቤት ለትርፍ ያልሆነ አገልግሎት የሚሰጠውን ሠራተኛ ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጎታል። የቤት ሠራተኛ ማለት ነው። ስለ እርሷ ዛሬም የምንጠቅሰው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች ሲሆን፣ እነርሱም አሠሪው ለጤናዋና ለመልካም ጠባይዋ እንዲጠነቀቅ ያዛሉ እንጂ ስለ ብሩ መጠን ወለል አያስቀምጡም።

አባቴ መምህር ነበሩ። በሮቤ የመምህር ቤት ማለት በደርግ ዘመን የተከበረ ቤት ነው፤ ራዲዮ አለ፣ ጋዜጣ ይገባል፣ ወር ሲደርስ ሱቅ የተበደሩት ይከፈላል። እንጀራ የምትጋግረውና ውኃ የምትቀዳው ልጅ ከገጠር የመጣች ነበረች። የአባቴ ገቢ ደመወዝ ይባላል፤ የእርሷ ስም አልነበረውም። ለመስቀል ጫማ፣ ለፋሲካ ቀሚስ፣ አንዳንዴም አባቷ ገበያ ሲመጣ በእጁ የሚሰጠው ጥቂት ብር ነበር። ይህ የቤታችን ልዩ ክፋት አልነበረም፤ የሐኪም ረዳቱም፣ የእርሻ ባለሙያውም፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊውም ቤት እንዲሁ ነበር። ደመወዝተኛው የቆመው በደርግ ወለል ላይ ብቻ አልነበረም፤ በዚህች ልጅ ጉልበት ላይም ነበር። የመምህር ደመወዝ ዛሬ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚቀነሰው ወጪ የትኛው እንደሆነ እያንዳንዱ አንባቢ ቤቱን ይመልከት።

ወለል ይወሰን የምንል ከተሜዎች ብዙ ጊዜ የምንመለከተው የፋብሪካውን ባለቤት ነው። በአነስተኛ ከተማ ግን ትልቁ አሠሪ መካከለኛው መደብ ራሱ ነው፤ የቤት ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ለግንባታ የቀን ሠራተኛ ይጠራል፣ ገጠር ካለው የቤተሰብ ማሳ ላይ አጫጅ ያሰማራል። (አጫጁም ቢሆን በኮምባይነር እየተተካ ነው፤ የአርሲ ስንዴ ሜዳ ለመሣሪያው የተመቸ ነውና።) ስለዚህ ከላይ ደመወዝተኛ፣ ከታች አሠሪ የሆነው ይህ ሰው በክርክሩ ሁለት ወንበር ይዟል።

ማድረግ አይቻልም የሚሉ ጎረቤታችንን ኬንያን ይዩ። የኬንያ የደመወዝ ትእዛዝ የቤት ሠራተኛንና የሕፃን ሞግዚትን በስም ይጠቅሳል፣ ለእርሻ ሠራተኛ የራሱን ሰንጠረዥ ያወጣል፣ ለናይሮቢና ለትናንሽ ከተሞችም የተለያየ ልክ ያስቀምጣል። አፈጻጸሙ ብዙ ይጎድለዋል፤ ቢሆንም አንዲት ሠራተኛ የምትጠቅሰው ቁጥር አላት። ለሮቤና ለአዲስ አበባ አንድ ወለል አይሠራም የሚለው መከራከሪያም በዚያ ሰንጠረዥ ፊት ብዙ አይቆምም።

የመካከለኛውን መደብ ጫና ማቃለል ደግሞ የመንግሥት ድርሻ ነው። በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ላይ የተቆረጠው ከግብር ነጻ የሆነ ገቢ በ2017 ዓ.ም. ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ጭብጨባ ተሰምቷል። ይሁንና መንግሥት ራሱ ዝቅተኛ ብሎ የወሰነው ደመወዝ 6,000 ብር ከሆነ፣ በ2,000 እና በ6,000 መካከል ባለው ብር ላይ ግብር የሚቆርጠው በምን ሒሳብ ነው? መምህሩ ከዚያ ላይ የሚተርፈውን ብር ይዞ ነው ለቤት ሠራተኛው ደመወዝ የሚባል ነገር እንዲከፍል የሚጠየቀው።