አማራጭ የሥነ ጥበብ ማዕከላት በአዲስ አበባ፦ የሥነ ጥበብ ተማሪ ሁለተኛ ትምህርት ቤት

ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ለመማር ከክልል ከተሞችና ከገጠር ወደ አዲስ አበባ የሚያቀኑ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ የሚያልሙት አንድ ትምህርት ቤት አለ። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። ተማሪው መስመርን፣ ቀለምንና ቅርጽን በዚያ ይማራል። የተሠራ ሥራ ከተመልካች ጋር እንዴት እንደሚገናኝ የሚገባው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግቢው ውጪ ነው።

ምን ዓይነት ቦታዎች ናቸው?

የንግድ ጋለሪ ሥዕል ይሸጣል፤ ከሽያጩም ድርሻውን ይወስዳል። ስለዚህ ገዢ የሚያገኝ ሥራን ማስቀደሙ አይቀርም። አማራጭ ማዕከል በአንጻሩ በባለሙያዎች ተነሣሽነት የሚቋቋም፣ ገና ያልተሞከረውን ለመሞከር ዕድል የሚሰጥ ቦታ ነው።

ዞማ፦ ጭቃና ጭድ

መካኒሳ አካባቢ የሚገኘው ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ተከፈተ። መሥራቾቹ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ እና የሥነ ጥበብ አጋፋሪዋ መስከረም አሰግድ ናቸው። ግድግዳዎቹ አርሶ አደሩ ቤቱን በሚመርግበት ጥበብ፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ናቸው፤ ልዩነቱ ጭቃው ላይ ሰፊ ቅርጻ ቅርጽ መውጣቱ ነው። ግቢው የአትክልት ስፍራም አለው። ኤልያስ በሌሎች ሥራዎቹ የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን፣ የኮምፒውተር ቁርጥራጮችንና የልብስ ቁልፎችን ይጠቀማል። ከገጠር የመጣ ተማሪ እዚህ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ በቤቱ ሲያየው ያደገው ዕውቀት ለሥነ ጥበብ ባዕድ አይደለም።

የማይጸኑ ግቢዎች

የእነዚህ ማዕከላት ትልቁ ፈተና መሬት ነው። የትምህርት ቤቱ ምሩቃን ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ባለው መናፈሻ ውስጥ ያቋቋሙት ነጻ የሥነ ጥበብ መንደር ዛሬ በቦታው የለም። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ የባህል ማዕከልም አዝማሪን፣ ውዝዋዜንና የሥዕል ዐውደ ርእይን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኝ ነበር። ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ይመራው የነበረው ይህ ግቢ አካባቢው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ አብሮ ፈርሷል። ሥዕሉ ወደ ሌላ ቦታ ሊጓጓዝ ይችላል፤ ጎረቤቱ፣ ደንበኛውና የየምሽቱ ልማድ ግን እንደ ሥዕል ተጠቅልለው አይሄዱም።

ለጎብኚ ተማሪ

በመጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል መጎብኘት ይጠቅማል፤ የዘመናዊውን የኢትዮጵያ ሥዕል መሠረት ያየ ሰው አዲሱን ከነባሩ ለመለየት አይቸገርም። ከዚያ በኋላ ዐውደ ርእይ በሚከፈትበት ዕለት መገኘት ይመረጣል፤ በዚያ ቀን ሠዓሊውን በአካል ማግኘትና መጠየቅ ይቻላል። ፎቶ ከማንሣት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሥዕሉ በተጨማሪ ሥራው የተሰቀለበትን ከፍታ፣ ብርሃኑ የሚመጣበትን አቅጣጫና የተጻፈበትን መግለጫ በማስታወሻ ደብተር መመዝገብም ይበጃል፤ ነገ የራሱን ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅ የሚፈልገው ይህንኑ ነውና። ቦታዎቹ ስለሚዘዋወሩና ስለሚዘጉም ከመነሣት በፊት ክፍት መሆናቸውን ማረጋገጥ፣ ክፍት ሆነው ሲገኙም ጉብኝቱን ለሌላ ጊዜ አለማሳደር ብልህነት ነው።