ከቀይ ባሕር እስከ ጣና፤ የዓሣ ሕግ በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ ስለ ውሃ ግዛቷ ካወጣቻቸው ቀደምት ሕጎች አንዱ የ1946 ዓ.ም. የባሕር አዋጅ ነው። አዋጁ የግዛት ባሕሩን ወሰን 12 የባሕር ማይል አድርጎ ሲደነግግ፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ደግሞ ወሰኑ ሉል እስከሚለቀምበት ሥፍራ ድረስ እንዲዘልቅ አድርጓል። እንግዲህ ሕግ አውጪው በውሃው ውስጥ ያለውን ሀብት አስቀድሞ አስቦበት ነበር ማለት ነው። የሐይቆቻችን ዓሣ ግን ራሱን የቻለ አገር አቀፍ አዋጅ ያገኘው ከ49 ዓመት በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። በዚያን ጊዜ አገሪቱ የባሕር ጠረፍ አልነበራትም።

መዘግየቱ ያስከተለውን ጉዳት የጣና ታሪክ ያስረዳል። በሐይቁ ዳርቻ የሚኖሩት፣ በተለይም ነገደ ወይጦ፣ ለብዙ ዘመን በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ያጠምዱ ነበር። ታንኳው ከዳርቻው ብዙ ስለማይርቅ ሰፊው የሐይቁ ክፍል ሳይነካ ኖረ። በ1978 ዓ.ም. ግን በውጭ እርዳታ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ዓላማው የአጥማጁን ኑሮ ማሻሻል ነበር፤ ነገር ግን የሚያዘውን መጠንና ወቅት የሚወስን ሕግ አብሮ አልመጣም።

በአካባቢው «ነጭ ዓሣ» ከሚባለው ወገን አብዛኞቹ ዝርያዎች ከጣና በቀር በሌላ ሥፍራ አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚህ ወቅት በወንዙ አፍ የሚዘረጋ መረብ እናቲቱን ከነእንቁላሏ ይይዛል። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች መጠን 75 ከመቶ ያህል መቀነሱ በጥናት ተረጋግጧል። በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ወገን ጠፍቷል።

የ1995ቱ አዋጅ ለገበያ የሚያጠምድ ሁሉ ፈቃድ እንዲይዝ ያስገድዳል፤ በፈንጂና በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል፤ ተቆጣጣሪዎችም እንዲመደቡ ያዛል። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ከነጠላ የናይሎን ክር የተሠራ ርካሽ መረብ በድንበር በኩል በሕገወጥ መንገድ እየገባ ተስፋፋ። ይህ መረብ ሲበጠስ በውሃው ውስጥ ይጣላል፤ ቁራጩም ዓሣ መያዙን አያቋርጥም። ስለሆነም ቁጥጥሩ ከኬላና ከገበያ ካልጀመረ፣ በሐይቁ ላይ አጥማጁን ብቻ ማሳደድ ፍሬው ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያ በ1975 ዓ.ም. የፈረመችው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት፣ በወንዝ ተፈልፍለው በባሕር ለሚያድጉ ዓሦች ቀዳሚውን ኃላፊነት የሚሰጠው ለወንዙ ባለቤት አገር ነው። ስምምነቱ ስለ ባሕር የተደነገገ ቢሆንም ሐሳቡ ለጣና ይስማማል፤ ዓሣው የሚጠበቀው ከሚፈለፈልበት ወንዝ ጀምሮ ነውና። በርብ ላይ የመስኖ ግድብ ተሠርቷል። በሌሎቹም ወንዞች ላይ ግድብ ወይም የውሃ መጥለፊያ የሚነድፍ መሐንዲስ ለዓሣው መተላለፊያ ካላበጀ፣ አዋጁ ከመረብ ያተረፈውን ዓሣ ግንቡ ያስቀረዋል።