አደስና ለጋ ቅቤ፦ ስለ ቤት ቅባታችን ታሪክ

የአገራችን የመድኃኒት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከሊቃውንቱና ከደብተራዎቹ ብራና ተነሥቶ ይነገራል፤ መጽሐፈ መድኃኒት የሚባሉት ጽሑፎች ለየደዌው የሚሆነውን ሥርና ቅጠል፣ በማር ወይም በቅቤ የሚለወሰውን ሁሉ እየለዩ ስላቆዩልን፣ ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው ፖላንዳዊ ሊቅም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 እና በ1973 ባሳተማቸው መጻሕፍት ለዓለም ምሁራን ስላዳረሳቸው፣ የእነዚያ አበው ዕውቀት ስምና መዝገብ አግኝቷል። እናቶቻችን በየማጀታቸው የቀመሙት፣ ከእናት ወደ ልጅ በእጅና በዓይን ብቻ የተላለፈው የገላና የራስ ቅባት ግን ይህን ያህል ጸሓፊ አላገኘም፤ ለእኔ ይህ ጥቂት ቅሬታ አይደለም፣ በዚህ ቅባት ያላደገ ደገኛ እምብዛም የለምና።

የቅባቱ ነፍስ አደስ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው በጫካ ዳርና በተረተር ላይ ሳይዘሩት የሚበቅል፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ሲበስል የሚጠቁር ቍጥቋጦ ነው። ከቅጠሉ አንዱን ቀጥፎ ወደ ፀሐይ ያነሣ ሰው፣ በአረንጓዴው ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፉ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦች ያያል፤ እነዚህም መዓዛማው ዘይት የተከማቸባቸው ናቸው፣ ቅጠሉ በጣት ሲታሽ የሚሸተውም ከእነርሱ የሚወጣው ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት አደስን ከቅርንፉድና ከባሕር ዛፍ ጋር በአንድ ቤተ ዘመድ ይቈጥሩታል፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ መጥቶ የአዲስ አበባን ዙሪያ የወረሰው ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ለጉንፋን የምንታጠነው፣ በዘይቱ ውስጥ ያለው ሲኒዮል የሚባለው ቅመም በአደስም ዘይት ውስጥ ይገኛል። እንግዲህ ባልቴቶቻችን በአፍንጫቸው መርጠው የያዙት ቅጠል፣ የኬሚስትሪ ምርመራ ኋላ ደርሶ ተሕዋስያንን የሚቃወም ኃይል ያገኘበት ነው።

ሥራው የሚጀመረው ከመናጫው ነው። እርጎው በቅል ተንጦ ቅቤው ሲወጣ፣ ሴትዮዋ በገበቴ ትቀበለውና በቀዝቃዛ ውኃ እያሸች ደጋግማ ታጥበዋለች፤ አሬራ በውስጡ ከቀረ ቶሎ ይሸታልና፣ የሚወርደው ውኃ ጥርት እስኪል ድረስ እጇን አታነሣም። ለወጥ ሲሆን በሳሉ ቅቤ ሊመረጥ ይችላል፤ ለገላና ለራስ ግን ከለጋው በቀር አይነካም። አደሱም አስቀድሞ በጥላ ደርቆ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ በደቃቅ ወንፊት ተነፍቶ ይጠብቃታል፤ በፀሐይ የደረቀ ቅጠል መዓዛውን አየር ይወስደዋል፣ በውል ያልደቀቀም ራስ ላይ ይቈረቍራል። እንደየቤቱ ልማድ አሪቲ ወይም ጠጅ ሳር ይጨመርበታል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለውሳ ታሳድረዋለች፤ መዓዛማው ዘይት በውኃ የማይሟሟ፣ በስብ ግን የሚሟሟ በመሆኑ፣ ማደሩ ያለ ምክንያት አልተለመደም፣ ቅቤውም በማግስቱ ከትናንቱ የበለጠ ይሸታል።

እንዲህ የተሰናዳው ቅባት ለፎረፎር፣ ለደረቀ ገላ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ይውላል፤ ራሷን የታመመች ሴት አናቷ ላይ አሳርፋው ከፀሐይ ትቀመጣለች፣ ሹሩባ የምትሠራም አስቀድማ ትቀባዋለች። አራስ ቤት ደግሞ ቅቤ ዋና ሹም ነው። ሕፃኑ ገላው ታጥቦ በለጋ ቅቤ እየታሸ ይሰነብትና፣ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ሲጠመቅ፣ ካህኑ 36 ሕዋሳቱን በቅብዓ ሜሮን ያትማል፤ የእናቱ ቅባት ለሥጋው፣ የቤተ ክርስቲያን ቅብዓት ለነፍሱ ሆኖ ሕይወቱን በሁለት ቅባት ይጀምራል። ወንዱም ካደገ በኋላ ከቅቤ አይለይም ነበር፤ ዝሆን ወይም አንበሳ የጣለ አዳኝ ከግዳይ ሲመለስ ራሱን የሚቀባው ለክብሩ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 ወደ ትግራይ ገብቶ ሦስት ዓመት ያህል የተቀመጠው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እንኳ ባገሬው ልማድ ጠጉሩን በቅቤ ያስቀባ እንደ ነበረ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፏል፤ የጎበኘውን ሕዝብ ልማድ በገዛ ራሱ ላይ የፈተነ መንገደኛ በመሆኑም አመሰግነዋለሁ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 አሜሪካዊው ኬሚስት ሮበርት ቼዝብሮ ከነዳጅ ዘይት ያወጣውን ቅባት ቫዝሊን ብሎ በባለቤትነት አስመዘገበ፤ ይህም ስም እኛ ዘንድ ደርሶ የፋብሪካ ቅባት ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ቫዝሊን አይሸትም፣ ዝንብ አይጠራም፣ ዓመት ቢቀመጥም አይበላሽም፤ ከተሜውም በተማሪ ቤትና በመሥሪያ ቤት መካከል ሲመላለስ የቅቤ ሽታ እንደ ባላገርነት ምልክት ተቈጥሮበት ቢያፍር ሊፈረድበት አይገባም። ነገር ግን ነውሩ የቀረው በቅቤው ላይ ነበር፣ አደሱ ጥፋት አልነበረበትም፤ ቫዝሊንም የቈዳን እርጥበት ከመያዝ በቀር የቅጠል ጥቅም አይሰጥም። ከልማዱ መካከል መተው የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ ቅቤን በተቈረጠ እትብት ላይ ማድረግ። ለመንጋጋ ቈልፍና ለሌላም መመረዝ በር ይከፍታልና፣ ሐኪሞች ይህን ሲከለክሉ እውነት አላቸው፣ የአያቶቻችን ፍቅር ምክንያት ሆኖ እንዲቀጥል መፍቀድም አይገባም።

ዛሬ በአዲስ አበባ የውበት ሳሎኖች የራስ ቅቤ ተመልሶ ይቀባል፣ ደረቁ አደስም በመርካቶ ከአሪቲ ጎን ይሸጣል። ከዱር የሚለቀመው ብቻ ለዚህ ሁሉ ፈላጊ እንዲበቃ መጠበቅ ግን አይቻልም፤ ቅጠሉን መቅጠፍ ቍጥቋጦውን አይጎዳውም፣ ከሥሩ መንቀል ግን ያጠፋዋል። አደስ በዘርም በቅርንጫፍ ቍራጭም የሚራባ፣ በአጥር ጥግ ተተክሎ መከርከምን የሚችል ዕፅ ነው፤ ባለ ግቢ የሆነች ሁሉ በክረምት መግቢያ አንድ ቅርንጫፍ ከጎረቤት ተቀብላ ብትተክል ለቤተ ሰቧ የሚበቃ ቅጠል ከደጇ ታገኛለች።