የገብስ ጣሪያ ያለ ብቅል ጣሪያ፦ የቀረጥ ድርድርና የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

ኢትዮጵያ ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ድርድሩ የሚነሳው ክርክር በባንክ፣ በቴሌኮምና በፋብሪካ ዙሪያ ያተኩራል። ከመካነ ሰላም እስከ ሳይንትና ለጋምቦ ባለው ደጋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር የሚያመርተውን ገበሬ የሚነካው ግን የግብርና ቀረጥ ሰንጠረዥ ነው። የድርጅቱ የቀረጥና የንግድ አጠቃላይ ስምምነት (ጋት) አንቀጽ 2 አባል አገር በሰንጠረዡ ካሰፈረው ጣሪያ በላይ እንዳይቀርጥ ያግዳል፤ ከጣሪያው በታች ከፍ ዝቅ ማድረግ ግን የራሱ ፈንታ ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2018 በሽምብራ ላይ የምትጥለውን ቀረጥ ከዜሮ ወደ 60 በመቶ ስታደርስ ሕግ ያልጣሰችው ጣሪያዋ ከዚያም በላይ ስለነበር ነው። የነጻነቷ ምንጭ ያ ክፍተት ነበር።

በእኔ እምነት ለዚህ ደጋ የሚበጀው በሰብሉ ላይ ብቻ ሳይሆን ከሰብሉ በሚገኘው ምርት ላይም የሚቆም ጣሪያ ነው። በዓለም አቀፉ የሸቀጦች አመዳደብ ገብስ በ1003፣ ብቅል ደግሞ በ1107 ይመደባል። በ1003 ላይ ከፍተኛ ጣሪያ አስቀምጠን 1107ን ዝቅ ብናደርግ የቢራ ፋብሪካው ገብሱን ትቶ ያለቀለትን ብቅል ከውጭ ያስገባል፤ የገብሱም ጥበቃ ወረቀት ላይ ይቀራል። ስንዴና የስንዴ ዱቄትም እንዲሁ ናቸው። የድርጅቱ ጠቅላላ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ያጸደቀው መመሪያ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ በልማት እጅግ ወደኋላ ለቀሩ አገሮች የሚያስቀምጠው የግብርና ጣሪያ 50 በመቶ ነው። ይህ አማካይ ስለሆነ ለጥቂት መስመሮች ከፍ፣ ለሌሎች ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ተደራዳሪዎቻችንም ያንን ቦታ ተያያዥ ለሆኑ መስመሮች ቢያውሉት ይሻላል።

የደጋው ገብስ በአብዛኛው ለቤት ፍጆታ የሚውል በመሆኑ የብቅል መስመር ምን ያገባዋል የሚል ይኖራል። ቀረጥ የዚህ ዓመት ጉዳይ ሲሆን ጣሪያ ግን ለትውልድ የሚዘልቅ ግዴታ ነው፤ የቢራ ገብስ ነገ ለደጋውም የገቢ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የድሃውን ሸማች የሚመለከተው ነው። የደጋው ቤተሰብ ራሱ በክረምት እህል ይሸምታል፣ ቀረጥ ቢጨምር የሚጎዳው እሱ ነው። እውነት ነው፤ በጠባብ ማሳ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ የእህል መወደድ ረሃብ ነው። ይሁንና ጣሪያን ከፍ ማድረግ ቀረጥን ከፍ ማድረግ አይደለም። በድርቅ ዓመት ቀረጡን ወደ ዜሮ ማውረድ ምንጊዜም ይፈቀዳል፤ የሚከለከለው ጣሪያውን ማለፍ ብቻ ነው። አንዴ ዝቅ ያለውን ጣሪያ መልሶ ለማንሳት በጋት አንቀጽ 28 መሠረት ከንግድ አጋሮች ጋር ተደራድሮ በሌላ ሸቀጥ መካስ ያስፈልጋል፤ ይህን ዋጋ ለመክፈል ደግሞ ኢትዮጵያ በእጇ ያላት መደራደሪያ ጥቂት ነው።