ሸክላ፣ ቴፕ፣ ስልክ፤ ስለ ሙዚቃ ማጫወቻ ስሞች ታሪክ

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፃቸውን ያስቀረጹበት ክብ ዕቃ በአማርኛ «ሸክላ» ተባለ። የዚያ ዘመን ዕቃ ሼላክ ከሚባል ሙጫ የሚሠራና ቢወድቅ እንደ ገል የሚሰባበር ስለ ነበረ፣ ስሙ ከጠባዩ የመጣ ይመስላል፤ የ«ሼላክ»ና የ«ሸክላ» ድምፅ መቀራረብም ሳያግዝ አልቀረም። በ1961 ዓ.ም. አምኃ እሸቴ በግላቸው ሙዚቃ ማሳተም ሲጀምሩ ዕቃው ፕላስቲክ ሆኖ ነበር፤ ስሙ ግን አልተለወጠም።

ካሴት ሸክላውን ሲተካ ለመሣሪያው «መቅረጸ ድምፅ» የሚል፣ በግእዝ ሥርዐት የታነጸ ስም ነበረው። ቃሉ በጽሑፍ ሲኖር በገበያ አልዘለቀም። ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ሱቅ ገብቶ በዚህ ስም የሚጠይቅ ቢኖር ባለሱቁ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ለእርሱ ዕቃው «ቴፕ» ነው። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የግእዝነቱ አይደለም። ሕዝቡ መሣሪያውን የገዛው ለማድመጥ ሆኖ ሳለ ስሙ የሚናገረው ስለ መቅረጽ ነበር። «ማጫወቻ» ግን ማንም ሳያውጅለት ለሸክላውም ለካሴቱም አገለገለ።

«ስልክ» ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ነው። በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ በአገራችን ሥራ ሲጀምር ሽቦው ቀረ፣ ስሙ ጸና። (የበገናና የክራር ጅማት ስም የሆነው «አውታር»ም ለመገናኛ መረብ፣ ኋላም ለአንድ የሙዚቃ መተግበሪያ ስም መሆኑን ልብ ይሏል።)

አሁን ስልኩ ራሱ ከማጫወቻ ተራ ገብቷል። ለመስቀል ከአዲስ አበባ አገሩ የገባ ሰው አሮጌ ስልኩን ወላጆቹ ቤት ትቶ ቢመለስ፣ ያ ትርፍ ስልክ ከድምፅ ማጉያ ጋር በገመድ ተያይዞ በአንድ ስፍራ ሊቀመጥና በሌላ ስልክ ከሩቅ ሊታዘዝ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ዋይፋይ መገናኘታቸው ይበቃል፤ ዘፈኑ በትርፉ ስልክ ሚሞሪ ውስጥ ካለ ኢንተርኔት እንኳ አያሻም።

ተርጓሚው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። መመሪያውን ሁሉ «ድምፅ ማስተላለፍ» ብሎ ቢጽፈው አንባቢው ነገሩ ብሉቱዝ ይመስለዋል። በብሉቱዝ ድምፁ ራሱ ተጨምቆ ከእጅ ስልክ ይሄዳል፤ በዚህኛው አሠራር ግን ከእጅ ስልክ የሚሄደው ትእዛዝ ብቻ ሲሆን፣ ሙዚቃውን አንሥቶ የሚያሰማው ትርፉ ስልክ ነው። ስለዚህ አንዱን «ማዘዣ ስልክ»፣ ሌላውን «ማጫወቻ ስልክ» ማለት ይገባል። «ማዘዣ» የሐኪም ወረቀትም ስም መሆኑ እውነት ነው፤ ከ«ስልክ» ጋር ሲጣመር ግን አያደናግርም።

«ከፍተኛ ጥራት» የሚለውም ያሳስታል። ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ በ16 ቢት የለካ ነው፤ ከዚያ የረቀቀው ቅጂ 96,000 ጊዜ በ24 ቢት የተለካ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ካሴት በዚህ ልክ ቢገለበጥ ኮሽታው ሳይቀር በረቂቁ ይቀዳል እንጂ ድምፁ አይጠራም። ስለዚህ «ረቂቅ ቅጂ» የሚለውን እንመርጣለን።

ቮልፍ ሌስላው የጉራጌን ቋንቋዎች ሥርወ ቃል መዝገብ በ1979 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ ይህ ዕቃ አልነበረም። ቸሃ ተናጋሪው በወልቂጤ፣ መስቃን ተናጋሪውም በቡታጅራ የሚሰጠው ስም ለየብቻ መሰብሰብ አለበት፤ የሁለቱ ንግግር አንድ አይደለምና። ሰብሳቢውም ስሙን በቀጥታ ከሚጠይቅ፣ ቤተ ሰቡ ዕቃውን «ክፈተው» ሲባባል ቢያደምጥ ይሻላል።