የሂንክሊ ከተማና ሁለቱ የባቡር ሐዲዶች

በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ፣ በሚኒሶታ ግዛት የምትገኘው ትንሿ ሂንክሊ ስሟን ሳይቀር ያገኘችው ከባቡር ነው፤ የተሰየመችው አይዛክ ሂንክሊ በተባለ የባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ስም ነውና። ሴንት ፖልን በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ካለችው ከዱሉዝ ጋር ያገናኘው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1870 ሲጠናቀቅ፣ ሂንክሊ በመንገዱ አጋማሽ ላይ የቆመች ጣቢያ ነበረች። በ1888 ደግሞ የጄምስ ሂል ወገን የሆነው የምሥራቅ ሚኒሶታ ኩባንያ ሁለተኛውን ሐዲድ አደረሰላት።

ባቡር ከመምጣቱ በፊት ጥድ ይቆረጥ የነበረው በአብዛኛው ግንዱን በውሃ ለመስደድ በሚቻልባቸው ወንዞች ዳር ነበር። ሐዲዱ ይህን ገደብ አነሣው። የተሰነጠቀው ጣውላ በፉርጎ ተጭኖ በማናቸውም ወራት ወደ ገበያ ይሄድ ጀመር። ቆራጮቹ ግን ግንዱን ብቻ ወስደው ቅርንጫፉንና ጫፉን እዚያው ይጥሉት ስለ ነበር፣ ጫካው በየዓመቱ የደረቀ ማገዶ ያከማች ነበር። ከባቡር ጭስ ማውጫ የሚወጣው ፍንጣሪ በሐዲዱ ዳርና ዳር እሳት ማስነሣቱም የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ፣ ነዋሪው ጭስ ሲያይ እምብዛም አይደነግጥም ነበር። ከስሕተቱ ሁሉ የከፋው ምናልባት ይህ መላመድ ሳይሆን አይቀርም።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1894፣ ከረዥም ድርቅ በኋላ፣ በአካባቢው ሲጤሱ የነበሩት እሳቶች በነፋስ ተጋፍተው አንድ ሆኑና ከተማዋን በጥቂት ሰዓት ውስጥ አወደሙ። በሂንክሊና በአካባቢዋ የሞቱት ሰዎች በይፋ የተቈጠሩት 418 ናቸው። በምሥራቁ ሐዲድ ላይ የጭነቱና የመንገደኛው ባቡር ተቀጣጥለው 500 ያህል ሰው ጭነው ወደ ሰሜን አመለጡ፤ የኬትል ወንዝ ድልድይ እነርሱ ካለፉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተቃጥሎ ወደቀ። በሌላው ሐዲድ ከዱሉዝ ይመጣ የነበረው ነጂ ጄምስ ሩት ሸሺዎችን ተቀብሎ፣ በፍንጥርጣሪ መስታወት ቈስሎ ሳለ፣ በእሳት የተያያዘውን ባቡር ስከንክ ወደ ተባለው ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ወደ ኋላ ነዳው። ጥቁሩ የባቡር አስተናጋጅ ጆን ብሌር መንገደኞችን ውሃ እያጠጣ ያረጋጋ ነበር። የቴሌግራፍ ሠራተኛው ቶማስ ደን ግን ከጣቢያው ሳይለይ ቆይቶ ሞተ። ሌሎች መቶ ያህል ሰዎች የዳኑት ለሐዲድ ጠጠር ሲባል ተቆፍሮ ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ስለ ሂንክሊ የሚነገረው ታሪክ ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ሰዎች ጀግንነት ተጀምሮ በዚያው ያበቃል። ጀግንነቱ እውነት ነው፤ ሆኖም ሰዎቹን ያዳነው ሐዲድ ለእሳቱ ማገዶ የሆነውን የጫካ ፍርስራሽ እንዲከማች ያደረገውም መሆኑ ካልተነገረ፣ ተማሪው አደጋውን ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት አድርጎ ይቀበለዋል። የሚኒሶታ ሕግ አውጪዎች እንዲህ አላዩትም። በተከታዩ ዓመት፣ በ1895፣ ደንን ከእሳት የሚጠብቅ ሕግ አወጡ፤ የመጀመሪያው የእሳት ተቆጣጣሪ ኃላፊም ክሪስቶፈር ኮሎምበስ አንድሩስ ሆነ።

የተቃጠለው የባቡር ጣቢያ ወዲያው እንደገና ተሠራ፤ ከ1976 ጀምሮም የእሳቱ ሙዚየም ሆኗል። ሩት ወደ ኋላ የነዳበት ሐዲድ ተነቅሎ ዛሬ እስከ ዱሉዝ የሚያደርስ የብስክሌት መንገድ ሲሆን፣ በምሥራቁ ሐዲድ ላይ ግን የጭነት ባቡር አሁንም ይመላለሳል።