ከዐድዋ ጥይት እስከ ልብ ደም ቅዳ

የልብ ደም ቅዳዎች በስብ ክምችት ሲጠቡ ጥበታቸውን የመለካት ጥበብ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ በዚህ አጭር ጽሑፍ እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን ስለ ራጅ ጨረር የጻፈውን ያቀረበው በዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነው። በዚያው ሳምንት በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በኢትዮጵያ ሠራዊት ተከቦ ነበር፤ ስፍራው ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። ሁለቱ ነገሮች የማይገናኙ ይመስላሉ። ነገር ግን ከዐድዋ ጦርነት በኋላ፣ በሜይ 1896፣ ሌተና ኮሎኔል አልቫሮ የተባለው ሐኪም በናፖሊ ከኢትዮጵያ ቈስለው የተመለሱ ሁለት የኢጣልያ ወታደሮችን ክንድ በራጅ አንሥቶ ጥይቱ ያለበትን ፈለገ። ይህም ራጅ ለጦር ቍስለኛ ያገለገለበት የመጀመሪያ ጊዜ ተብሎ ይጠቀሳል።

ጥይት ብረት ስለ ሆነ ጨረሩን ያግዳል፤ ደም ቅዳና ስብ ግን ያሳልፉታል። ስለዚህ የልብን ደም ቅዳ ለማየት ጨረር የሚያግድ ፈሳሽ በውስጡ መጨመር አስፈለገ። በ1929 ጀርመናዊው ፎርስማን ቀጭን ቱቦ በገዛ ክንዱ ደም መልስ አስገብቶ እስከ ልቡ አደረሰና ራጅ ተነሣ። በ1958 ደግሞ በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ክሊኒክ፣ ዶክተር ሶንስ የልብ በር ሕመም ያለበትን የ26 ዓመት ወጣት ሲመረምር ፈሳሹ ሳይታሰብ ወደ ቀኙ የልብ ደም ቅዳ ገባ። የወጣቱ ልብ ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ እንዲያስል ታዘዘና ዳነ። ከዚያ ወዲህ ደም ቅዳውን ለይቶ ማንሣት የታወቀ ዘዴ ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህ ሥዕል የሚያሳየው ደም የሚያልፍበትን ቀዳዳ እንጂ ግድግዳውን አይደለም። በ1987 ግላጎቭና ጓደኞቹ እንዳስረዱት ስቡ ሲጠራቀም ደም ቅዳው ወደ ውጭ ይሰፋል፤ ክምችቱ የደም ቅዳውን ስፋት 40 በመቶ ያህል እስኪይዝ ድረስ ቀዳዳው ላይጠብ ይችላል። እንግዲህ ሥዕሉ ደኅና ነው ያለው ሰው በሽተኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የኋለኞቹ ዘዴዎች ሁሉ ይህን ጕድለት ለመሙላት የተነሡ ናቸው። በ1990 አጋትስተንና ባልደረቦቹ በሲቲ ስካን የካልሲየሙን መጠን በቍጥር ለኩ፤ ይህም ቱቦ ወደ ልብ ማስገባት አያሻውም፤ ገና ያልጠጠረውን ስብ ግን አይቈጥርም። በቱቦ ጫፍ የሚገባው አልትራሳውንድ ግድግዳውን ቈርጦ እንደሚያሳይ ሆነ፤ ነገር ግን ከ100 ማይክሮን ያነሰውን አጥርቶ አይለይም። ለመፈንዳት የተቃረበ ክምችት ሽፋኑ ከ65 ማይክሮን በታች ስለሚሆን ያመልጠዋል። በ1991 የተገለጸው የብርሃን ዘዴ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ድረስ ስለሚለይ ይህን ሽፋን ሊለካ ቻለ፤ ብርሃኑ ግን ወደ ግድግዳው ርቆ አይዘልቅም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚለካው አንዱን ወገን ብቻ ስለ ሆነ፣ ሐኪም የሚያየውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያው የማያየውንም ማወቅ አለበት። ሁለተኛው፣ መሣሪያ ብቻውን አያድንም። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት የመቀሌው የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች መድኃኒትና ዕቃ እንዳለቀባቸው ለዓለም ተናግረዋል። በቀዳማይ ወያነ የሚኖር ሰው ደረቱን ሲያመው የሚጠቅመው የተፈለሰፈው ሳይሆን በአጠገቡ የሚሠራው መሣሪያ ነው። ስለዚህ የሕክምና ታሪክ ጸሓፊ መሣሪያው የተገኘበትን ዓመት ብቻ ሳይሆን ለማን እንደ ደረሰም ሊመዘግብ ይገባዋል እንላለን።